የሽልሻሎው ደመና

ይህ የሆነበት አገር የት እንደነበረ አትጠይቁኝ። ብትጠይቁኝም ጣቴን ወደ አንድ ወገን አልቀስርም፤ ዕድሜዬ ለክርክር አይመችም። ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ነበረ፣ ከቆላው በላይ ኮረብታ ነበረ፣ ከኮረብታው ላይ ደግሞ ሰገነት ነበረ ካልኋችሁ ይበቃችኋል። በሰገነቱ ላይ የሚቀመጡትን ጌታ ሕዝቡ ባለሰገነቱ ይላቸዋል። ሌላ ስም ይኖራቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ቀርቦ የጠራቸው ሰው ስላልነበረ ስሙ ተረሳ።

የመጀመሪያው ባለሰገነት ክፉ ሰው አልነበሩም። በሳቸው ዘመን ዝናብ ሁለት ዓመት ጠፍቶ ቆየና፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ቁልቁል ቢያዩ ሸለቆው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። አለቀሱ ይባላል። እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ «ይህን በየዓመቱ አንድ ቀን ልየው» አሉ። ያሉት ይኸው ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ ለማየት ብቻ። ከዚህች ደግ ቃል ያ ሁሉ ጣጣ ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ችግሩ የመጣው ለቃሏ ሹም ሲሾምላት ነው። የልምላሜ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በላዩ የልምላሜ ሹም፣ ከሹሙ በታች ደግሞ ጨርቅ ያዦች ተቀመጡ። እያንዳንዱ ጨርቅ ያዥ ሰባት ቁራጭ አረንጓዴ ጨርቅ ነበረው፤ የመጀመሪያው እንደ ሽንኩርት ቅጠል፣ የመጨረሻው እንደ ጠወለገ ጎመን። ሥራው በማሳ ወሰን ላይ ቆሞ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጨርቁን ከቡቃያው ጋር ማስተያየት ነው። ማሳው ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም፤ ጭቃ የያዘ ጫማ የሰገነቱን ደረጃ ያበላሻል ተብሏል። ግራ ዓይኑን ብቻውን መጨፈን ያቃተው አንድ ምስኪን በመዳፉ ሸፍኖ ሲያይ ተገኝቶ ከሥራው ተባረረ ሲሉም ሰምቻለሁ። እኔ እንጃ፣ ሲያወሩ ነው የሰማሁት።

ያቺ አንድ ቀን በልጃቸው ዘመን ሳምንት ሆነች። በልጅ ልጃቸው ዘመን አርባ ቀን ሆነች፤ ስሟም የማየት ሰሞን ተባለ። በዚያ ሰሞን ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ መሆን አለበት። ሰላምታው እንኳ ተለወጠ። ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ማለት ቀርቶ «ለምልመሃል?» ሆነ። መልሱ «ለምልሜያለሁ» ነው፤ ሌላ መልስ የለውም። የታመመም ለምልሟል፣ የራበውም ለምልሟል፣ ልጁን የቀበረም ለምልሟል።

አሁን ስለ ማሽላ ትንሽ ልንገራችሁ፤ የምታውቁ ታገሡኝ። ማሽላ ተበትኖ ይዘራል፣ ተጨናንቆ ይበቅላል። ቁመቱ ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ በቆመው ቡቃያ መካከል ያርሳል። ይህ ሽልሻሎ ይባላል። ለሚያየው ያሳዝናል። ማረሻው አንዱን ይነቅላል፣ ሌላውን ያጋድማል፣ ሌላውን አፈር ያለብሳል። ማሳው በረዶ የወረደበት ይመስላል፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ጥቁሩ አፈር ከላይ ይሆናል። ሴቶች ከኋላ እየተከተሉ የወደቀውን ያነሣሉ፣ አፈር የተጫነውን ይገልጣሉ። ከዚያ አሥር ቀን መጠበቅ ነው። የተረፈው ቡቃያ ቀና ይላል፣ ዝናቡ በትልሙ ውስጥ ይተኛል፣ አረሙ ይደርቃል፣ ሥሩ መተንፈሻ ያገኛል። ሽልሻሎ ያልገባበት ማሽላ ግን እንደተጨናነቀ፣ ውኃ እንደተሻማ፣ አገዳው ቀጥኖ፣ ፍሬ የሚይዝበትን ዛላ ሳያወጣ ይቀራል።

ሥራው ቀጠሮ አለው። ቡቃያው ሳይጠና ከታረሰ አፈሩ ይቀብረዋል፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ አገዳው ይሰበራል። ጊዜው እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ናቸው። የማየት ሰሞንም እነዚያኑ ሳምንታት ሸፍኖ ተቀመጠ።

ሕጉ አጭር ነበር። በማየት ሰሞን በሬ ጠምዶ ማሳ ውስጥ የተገኘ ሰው «አገር አጠቆረ» ይባላል። በሬዎቹ ይወሰዳሉ፤ እሱም ኮረብታው ላይ ወጥቶ አረንጓዴ ጨርቅ ሲነክር ይኖራል። ከወጡት ውስጥ የተመለሰ አልነበረም። አረም በሕጉ ወዳጅ ነው፤ እሱም አረንጓዴ ነውና። የማሽላውን ኃይል ከሥሩ የሚመጠው አቀንጭራ እንኳ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ፣ ጨርቅ ያዦቹ «ይህ ማሳ ጌጥ አለው» እያሉ ያመሰግኑት ነበር። በሕጉ ውስጥ ስለ ዛላ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ዛላ ከሰገነት አይታይማ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ዛላ የሌለው አገዳ ታጨደ። ሰው የእህል ጉድጓዱን እስከ ወለሉ ጠረገ፤ ለዘር ያስቀመጠውን እየቆረጠመ፣ ለከርሞው ምንነቱን የማያውቀውን ዘር ከመንገደኛ እየለመነ ዘራ። ጠዋት ጠዋት ግን ሁሉም እንደ ደንቡ ለምልሞ ያድራል።

በዚያ ሸለቆ፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ዋሴ የሚባል ሽማግሌና ደብሪቱ የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ጠጂቱ። በአገሩ ልማድ ባልና ሚስት በስም ስለማይጠራሩ፣ እሱ «የጠጂቱ እናት» ይላታል፣ እሷም «የጠጂቱ አባት» ትለዋለች። ጠጂቱ በሃያ ዓመቷ ንዳድ ይዟት በስድስት ቀን ሞተች። ከዚያ ወዲያ ያንን መጠሪያ ለማውጣት የሁለቱም አፍ እምቢ አለ። «አንቺ» እና «አንተ» ሆነው ቀሩ።

ይህቺ ልጅ ዘር መራጭ ነበረች። የቤታቸው ማሽላ ደብሪቱ ስታገባ ከናቷ አገር ያመጣችው ቀይ ነው፤ በሸለቆው ሌላ ቤት አይገኝም። አጨዳ ሊደርስ ሲል ጠጂቱ ማሳው ውስጥ ትገባና ቀኑን ሙሉ ትዞራለች። ረጅሙን አትመርጥም፣ ትልቁንም አትመርጥም። አንገቱን ጎንበስ ያደረገውን ዛላ ትይዝና በጣቷ ትመዝነዋለች፤ አንገቱ የጎበጠ ዛላ ላይ ወፍ ማረፍ አይመቻትም ትል ነበር። ከዚያ አንድ ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች። ድምፁ ደስ ካላት ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዝዛ አንገቱ ላይ ታስርበታለች። በየዓመቱ ቀሚሷ አንድ ጣት ያህል ያጥር ነበር። እናቷ ትቆጣታለች፤ እሷ ትስቃለች።

በሞተችበት ዓመት የመረጠችው ዘር፣ ከነክሩ፣ በቅል ሆኖ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ያ ዓመት የማየት ሰሞን አርባ ቀን ከመሆኑ በፊት የነበረው የመጨረሻው ዓመት ነው። እናትና አባት ዘሩን በአራት ከፈሉት። አንዱን ዘሩ፣ ዛላ አልያዘም። ሁለተኛውን ዘሩ፣ አልያዘም። ሦስተኛውም ያው። በዚህ ዓመት አራተኛውን ዘርተው ቅሉን ባዶውን መልሰው ሰቀሉት። ዘንድሮ ዛላ ካልያዘ የጠጂቱ እጅ የነካው ነገር ከምድር ላይ ያልቃል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ። የማየት ሰሞን ሲገባ ቡቃያው ገና ስንዝር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዋሴ ማሳው ዳር ቆሞ ጉልበቱን ከቡቃያው ጋር አስተያየ።

«ደርሷል» አለ።

«አይቻለሁ» አለች ደብሪቱ።

«ሰሞኑ እስኪወጣ ሃያ ስምንት ቀን ይቀራል።»

«በሃያ ስምንት ቀን አገዳው ይጠናል። ያኔ ማረሻ ቢገባ ይሰባብረዋል።»

ዋሴ ወደ በሬዎቹ ማደሪያ አየ። «በሬዎቹን ይወስዷቸዋል» አለ። «እኔንም ይወስዱኛል። ብቻሽን ትቀሪያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽና ምን ትያለሽ?»

ደብሪቱ አንዱን ቡቃያ ይዛ እንደ ልጅ ፀጉር አሻሸችው። «ልጄን አንዴ ቀብሬአለሁ» አለች። «ይህ እህል ከጠፋ ሁለተኛ መቅበሬ ነው። ለሁለተኛው ጉልበት የለኝም። አንተ አለህ?»

ዋሴ ወደ ቤት ገባና ቀንበርና ሞፈር የሚያያይዘውን ጠፍር ከግድግዳ አውርዶ እንዲለሰልስ ውኃ ውስጥ ነከረው። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት መልሱ ይኸው መሆኑን አታጣውም።

በማግሥቱ ማለዳ ወይኖንና ዳልቻን፣ ሁለቱን በሬዎቹን፣ ጠምዶ ገባ። ገበሬዎች ሁሉ አጥር አጥራቸው ላይ ሆነው አዩት። ማረሻው የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ የቡቃያው ሥር ሲበጠስ ይሰማ ነበር። ዋሴ ዓይኑን ከበሬዎቹ ጭራ ላይ አላነሣም፤ ወደ ኋላው ካየ እጁ እንደሚከዳው ያውቃል። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ትከተለዋለች። የተጋደመውን ታነሣለች፣ አፈር የለበሰውን ትገልጣለች፣ ወደ ሥሩ አፈር ትሰበስባለች።

«ተነሽ፣ እናቴ። አይዞሽ። ተነሽ» ትላለች ለእያንዳንዱ። ይህን ሥራ ድሮ የምትሠራው ጠጂቱ ነበረች።

የዚያ ቀበሌ ጨርቅ ያዥ በልማዱ መጥቶ ወሰኑ ላይ ቆመ። ግራ ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን ጨርቅ ዘረጋ፤ አልገጠመም። ሰባቱንም ሞከረ፤ አንዱም አልገጠመም። ግራ ቢገባው ሁለቱንም ዓይኖቹን ገለጠ፤ በዚያ አገር ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከዚያ ጨርቆቹን እየጣለ ወደ ኮረብታው ሮጠ።

እሱ ሳይደርስ ግን ጥቁሩ ማሳ ከላይ ታይቶ ነበር።

ባለሰገነቱ በልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሸለቆውን ያያሉ። አሥራ ሁለት ቀን አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይተዋል። ከዚያ በፊትም በየዓመቱ አርባ አርባ ቀን አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኒህ ሰው ሰልችቷቸው ነበር፤ ሰልችቶኛል የሚሉት ሰው ግን አልነበራቸውም። በዚህ ቀን ከወንዙ አጠገብ ጥቁር ነገር አዩና ከወንበራቸው ተነሡ።

«አለልኝ» አሉ። አለልኝ የልምላሜው ሹም ነው። «ያ ምንድን ነው?»

አለልኝ ቁልቁል አየ። በሹመቱ አሥራ አንድ ዓመት «ለምልሟል፣ ጌታዬ» ከማለት በቀር የተናገረው ነገር የለም። አገሩ ጠቁሯል ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አንጋጦ ቢያይ ክረምት ነውና ደመና አለ።

«የደመና ጥላ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ባለሰገነቱ ጥላውን አዩ፣ ደመናውን አዩ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። «እንዴት ያምራል» አሉ። «ነገ ወዴት ይሄዳል?»

«ወዴት... ነገ?»

«ደመና አይደለም እንዴ? ደመና ይሄዳል እኮ። እንዳልተኛ ቀስቅሰኝ፣ በማለዳ አየዋለሁ።»

«ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ጌታዬ» አለ አለልኝ።

ከሰዓት በኋላ አራት ዘበኞች አስከትሎ ሸለቆው ውስጥ ደረሰ። ዋሴ በሬዎቹን ፈትቶ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ሊወስዱት ሲመጡ እንዳያስጠብቃቸው ወሰኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደብሪቱ ገና ማሳው ውስጥ ናት።

«ይህን ያደረገው ማነው?» አለ አለልኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታው» አለ ዋሴ ተነሥቶ።

«እኔ ነኝ» አለች ደብሪቱ ቀና ሳትል። «እሱ በሬ ነው የነዳው።»

አለልኝ ሴትዮዋን ቀርቦ ሊያናግር ብሎ፣ ሳያስበው፣ ወሰኑን ተሻግሮ ማሳው ውስጥ ገባ። የልምላሜ ሹም ማሽላ መካከል ሲቆም በዚያ አገር የመጀመሪያው ነው። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ደብሪቱ ቀና አለች።

«እግርህን አንሣ፣ ልጄ። ረግጠሃታል።»

አለልኝ እግሩን አነሣ። ከጫማው ሥር ግማሽ አካሏ አፈር ውስጥ የገባ ቡቃያ ነበረች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ያለቅጥ ፈርቶ ስለነበር ይሆናል፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ያዛት።

«ከሥሯ ነው እንጂ ከጫፏ አይያዝም» አለች ደብሪቱ። «አዎ። ቀና አድርጋት። አሁን አፈሩን ወደ እሷ ሰብስብ።»

«እንዲህ?»

«አጥብቀህ አትጫን፤ ትታፈናለች።»

«ትነሣለች?»

«አሥር ቀን ስጣት።»

አለልኝ ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየ። እጁ ጠቁሯል። ሲነሣ አጠገቡ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ያለውን ማሳ አየ፤ ከአጥሩ በላይ የአንድ ሰው ራስ ብቅ ብሏል። ሸጋው የሚባለው ጎረቤት ነው።

«ይህ ማሳ ያንተ ነው?»

«ለምልሜያለሁ፣ ጌታዬ!» አለ ሸጋው ከድንጋጤው ብዛት።

«ነገ ጠዋት በሬህን ጠምደህ እረሰው።»

ሸጋው ዘበኞቹን አየ፣ ዋሴን አየ። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ ወንጀል ነው።»

«ጠዋት ወንጀል ነበር» አለ አለልኝ። «አሁን ደመና ነው።»

እንዲህ ሆኖ ደመናው ጉዞ ጀመረ። በማግሥቱ ሸጋው አረሰ፤ ባለሰገነቱ ከላይ ሆነው ጥላው ሲራመድ አይተው አጨበጨቡ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሰው አረሰ። አለልኝ የደመና አዋጅ አወጣ፤ ነገሩ መልክ መያዝ አለበትና። ደመና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ በሬ አይገረፍም። ደመና ነፋስ ስለሚነዳው ማንም ከነፋሱ በተቃራኒ አያርስም። ጨርቃቸውን የጣሉት ጨርቅ ያዦች ጣት አርጣቢዎች ተባሉ፤ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይናገራሉ። አንድ ቀን ነፋሱ ዞሮ ወደ ምዕራብ ነፈሰና መሥሪያ ቤቱ ተሸበረ። ግማሽ ቀን ከተመከረ በኋላ ደመና ያለ ደብዳቤ ወደ ኋላ አይመለስም ተባለ፤ ወደፊቱ ማረስ ቀጠለ። ባለሰገነቱ በአንድ ወቅት «ይህ ደመና ጭራው ረዘመ» ብለው ነበር፤ «ትልቅ ደመና ነው፣ ጌታዬ» ተባሉ። እውነትም ትልቅ ነበር። ከኋላ በኩል ግን ጭራው በየቀኑ እየለመለመ ይጠፋ ነበር፤ የዋሴ ማሳ በአሥረኛው ቀን ቀና ብሎ፣ ከበፊቱ የጠቆረ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ደብሪቱ ሹሙ ያነሣትን ቡቃያ ለይታ ታውቃት ነበር። ያቺም ተነሥታለች።

ዋሴን የወሰደው የለም። ደመና በሬ ኖሮት አያውቅም፣ ባለቤትም የለውም። ጋቢውን ጠቅልሎ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቡ አስቀምጦ ነበር፤ ደብሪቱ ናት ፈትታ ያለበሰችው።

በአርባኛው ቀን ደመናው ዘግይቶ የተዘራበት የሸለቆው ጫፍ ደረሰ። ባለሰገነቱ «ሄደ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ነበረ። «ለከርሞ ይመለሳል፣ ጌታዬ» አለ አለልኝ። እሱም ይህን ሲል ከአንጀቱ ነበር።

የዚያን ዓመት መከር ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ ቃል ያንሰኛል። አገዳው እንደ ልጅ ክንድ ወፈረ። ከየአገዳው ዛላ ወጣ፤ ከመንገደኛ ተለምኖ የተዘራው ሳይቀር አቅሙ የፈቀደውን ያዘ። ሕፃናት እሸት እየጠበሱ አፋቸው ጠቆረ። በወንዙ አጠገብ ደግሞ የዋሴና የደብሪቱ ማሽላ እየቀላ፣ እየቀላ፣ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ቆመ። ደብሪቱ መሀሉ ገብታ አንዱን ዛላ በመዳፏ ይዛ መዘነችው። ከዚያ ጥርስ ስላልቀራት አንዱን ፍሬ ለዋሴ ሰጠችው።

«ስበረው» አለችው።

ሰበረው።

«ድምፁስ?»

ዋሴ ራሱን ነቅንቆ ደህና ነው አላት። ደብሪቱ ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዘዘች።

በዚያው ሳምንት አለልኝ መጣ። ዘበኛ አላስከተለም፣ ጫማውንም ወሰኑ ላይ አውልቆ ነው የገባው። «እናቴ» አላት ደብሪቱን፣ «ጌታዬ ይህን ቀይ ነገር አይተው ምንድን ነው አሉኝ። ደመና እንዳልል ቀይ ነው። ምን ይባላል?»

ደብሪቱ ይህን ስም ከአፏ ካወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ዋሴ ፊቱን አዞረ።

«ጠጂቱ» አለች በመጨረሻ። «ጠጂቱ ይባላል። ልጄ ናት የመረጠችው። ሞታለች።»

አለልኝ ዛላውን ሳይነካ ብዙ ጊዜ አየው። «ስሟን ብነግራቸው ደስ ይላቸዋል» አለ። «ደስ ካላቸው ደግሞ ወደ ላይ ትምጣ ይላሉ። ወደ ላይ የወጣ ነገር እንደማይመለስ ታውቃላችሁ። ስሟን ከናንተ መውሰድ አልፈልግም። ምን ልበላቸው?»

«የፀሐይ መግቢያ ነው በላቸው» አለ ዋሴ።

«ጠዋትስ ከጠየቁኝ?»

«ጠዋት ደግሞ መውጫዋ ነው በላቸው። ምን አስቸገረህ?»

አለልኝ ሳቀ። ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። እንዳለውም ነገራቸው፤ ባለሰገነቱ አምነው ተደሰቱ ይባላል። ላለማመን የሚያስፈልጋቸውን ያህል ቀርበው አያውቁም።

ዛላው ታጭዶ ሲያበቃ መጀመሪያ የመጣው ሸጋው ነው፤ ዘሩን በክፉ ቀን በልቶት ነበር። «ከቀዩ አንድ ዛላ ስጡኝ» አለ። ከዚያ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ሌላው። ደብሪቱ ለመጣው ሁሉ ክር የታሰረበት አንድ አንድ ዛላ ሰጠች። ስሙን እየነገረች ነው የሰጠችው፤ ሳይነግሩ መስጠት አልሆነላትም። ሰጥታ ስትጨርስ ቀሚሷ አጥሮ ባቷ ላይ ደርሶ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ደመናው በጊዜው መጥቶ በጊዜው አለፈ። መከሩ ሲደርስ ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ከላይ ባለሰገነቱ በጠራራ ፀሐይ የፀሐይ መግቢያ እያዩ ተቀምጠዋል። ከታች አጫጆች ከማሳ ማሳ ይጠራራሉ፤ «ለምልመሃል?» የሚል የለም፣ ሥራ በዝቷል።

«ጠጂቱ ደርሳለች!» ትላለች አንዷ ከወንዙ ማዶ።

«የኛ ጠጂቱ ገና ናት፣ ሦስት ቀን ትቆይ!» ይመልስላታል ሌላው።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ጠጂቱን እንዳትረግጧት!» ይላል የሸጋው ድምፅ ከአጥር ወዲያ።

ዋሴ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ ቆመ። ስሟ ከየማሳው ይመጣል፤ ከቅርብም ከሩቅም። በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ሚስቱ ጥቂት ራቅ ብላ ጎንበስ እንዳለች ዛላ ትሰበስባለች።

«የጠጂቱ እናት» አላት።

የደብሪቱ እጅ ቆመ። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ተጠርታ አታውቅም።

«አቤት፣ የጠጂቱ አባት።»

«ይጠሯታል። ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ» አለችው።